ክሮንስ በሽታና የጎንደር የሆድ መድኃኒቶች

በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለወራት የሚያስቀምጠው፣ ሆዱን የሚቆርጠውና ከቀን ወደ ቀን የሚከሳ ሰው ክሮንስ የሚለውን ስም ከመስማቱ በፊት ሌሎች ብዙ ስሞችን ይሰማል። መጀመሪያ ጨጓራ ይባላል፤ ቀጥሎ አሜባ ወይም ጃርዲያ ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ይታዘዝለታል፤ ትኩሳት ካለው ታይፎይድ ይጠረጠራል፤ በመቀመጫው አካባቢ ቁስል ከወጣበት ደግሞ ኪንታሮት ነው ተብሎ ወደ ባህል ሐኪም ይሄዳል። እነዚህ ግምቶች ከሜዳ የተነሡ አይደሉም። በአካባቢው የሚበዙት ሕመሞች እነዚሁ ስለሆኑ ባለሙያው የሚበዛውን አስቀድሞ ማሰቡ ተገቢ ነው። የሚያስወቅሰው ሕክምናው ሦስትና አራት ጊዜ ተደጋግሞ ሕመሙ ሲመለስም ግምቱ ሳይለወጥ መቅረቱ ነው። ያን ጊዜ ታማሚው መሰልቸቱና ተፈጥሯዊ ወደሚባለው መፍትሔ ማዘንበሉ አይቀርም። ያ መፍትሔ የቱ ላይ እንደሚጠቅምና የቱ ላይ እንደሚጎዳ ለመመዘን ግን በሽታው ከሌሎቹ የሆድ ሕመሞች በምን እንደሚለይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ባለው የምግብ መተላለፊያ በየትኛውም ክፍል ሊነሣ የሚችል፣ ጋብ እያለ የሚያገረሽ ሥር የሰደደ ብግነት፣ ማለትም የአንጀት መቆጣት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ከትልቁ አንጀት ጋር በሚገናኝበት፣ በሆድ ቀኝ ታችኛው በኩል ነው፤ በዚህም የተነሣ ሕመሙ ድንገት ሲበረታ ትርፍ አንጀት የሚመስልበት ጊዜ አለ። የቅርብ ዘመዱ የሆነው አልሰራቲቭ ኮላይተስ ከፊንጢጣ ጀምሮ ሳያቋርጥ የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን ብቻ ያቆስላል። ክሮንስ ግን ጤነኛውን ክፍል እየዘለለ እዚህም እዚያም ያቆስላል፤ ቁስለቱም የአንጀቱን ግድግዳ ከውስጥ እስከ ውጭ ዘልቆ ይሄዳል። ክፉ መዘዞቹ ሁሉ የሚመጡት ከዚህ መዝለቅ ነው፦ ግድግዳው ጠባሳ እየያዘ ሲድን አንጀቱ ይጠብባል፤ ዘልቆ ሲበሳ ደግሞ መግል ይቋጥራል፣ ወይም ወደ ሌላ የአንጀት ክፍል፣ ወደ ሽንት ፊኛ፣ ወደ ቆዳ የሚያስወጣ ፊስቱላ የሚባል ቀዳዳ ይከፍታል።

በሽታው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1932 በኒው ዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ቡሪል ክሮን፣ ሊዮን ጊንዝበርግና ጎርደን ኦፐንሃይመር በጋራ ካወጡት ጽሑፍ ነው። ስኮትላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኬኔዲ ዳልዚየል እ.ኤ.አ. በ1913 ተመሳሳይ ሕሙማንን ገልጾ ነበር። የክሮን ስም ጎልቶ የቀረው የሦስቱ ጸሐፊዎች ስም በፊደል ተራ በመደርደሩ ነው፤ ዝና በፊደል ተራም ይገኛል ማለት ነው።

መነሻው አንድ ብቻ አይደለም። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ከበሽታው ጋር መያያዙ የታወቀው ኖድ2 የተባለው ዘረመል ሰውነት ባክቴሪያዎችን የሚለይበትን አንድ መሣሪያ የሚሠራ ነው። ዝንባሌው ባለበት ሰው ላይ የአንጀት ባክቴሪያዎች ስብጥር ሲዛባ፣ ሲጋራና የአመጋገብ ለውጥም ሲታከልበት፣ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በአንጀት ውስጥ በሰላም የኖሩትን ባክቴሪያዎች እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዘምትባቸዋል፤ ዘመቻውም በወቅቱ አይቆምም። ሁለቱ የአንጀት ብግነት በሽታዎች ተደምረው እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ላይ 6.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደነበሩባቸው ተገምቷል። ለረጅም ጊዜ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሕመም ተደርጎ ቢታይም በእስያና በላቲን አሜሪካ ከተሞች እየጨመረ ነው፤ በአፍሪካም ምርመራው በተስፋፋበት ሁሉ እየታየ ነው።

ምልክቶቹ ከአራት ሳምንት ያለፈ ተቅማጥ፣ በተለይ በቀኝ በኩል የሚሰማ ቁርጠት፣ ክብደት መቀነስ፣ ቀለል ያለ ትኩሳት፣ የደም ማነስና ድካም ናቸው። ከአንጀት ውጭም ይወጣል፦ የአፍ ቁስለት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የዓይን መቅላትና ማመም፣ በቅልጥም ላይ የሚወጣ ቀይና የሚያም እብጠት። በልጆች ላይ ብቸኛው ምልክት ቁመት አለመጨመር ሊሆን ይችላል። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ15 እስከ 35 ባለው ዕድሜ ነው። እዚህ ላይ ስለ ኪንታሮት አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በፊንጢጣ ዙሪያ መግል እየቋጠረ የሚፈነዳ፣ የዳነ መስሎ የሚመለስ ቁስል ያለበት ወጣት ኪንታሮት ነው ተብሎ በሚያቃጥል መድኃኒት ሲነቀልለት፣ በእርግጥ የነበረበት የክሮንስ ፊስቱላ ከሆነ ቁስሉ ይሰፋል፤ ሰገራን የሚቋጥረው ጡንቻ ከተጎዳ ደግሞ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። ተመላላሽ ተቅማጥና በመቀመጫ ላይ የማይድን ቁስል በአንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ክሮንስን መጠርጠር ግድ ነው።

ለእኛ አገር ሐኪም ከሁሉ የሚከብደው ግን ክሮንስን ከአንጀት ቲቢ መለየት ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የአንጀት ቲቢም የሚወደው ቦታ ያው የቀጭኑና የትልቁ አንጀት መገናኛ ነው፤ ያከሳል፣ ያተኩሳል፣ አንጀትን ያጠብባል፤ ከቁስሉ የተወሰደው ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይም በሁለቱም በሽታዎች ግራኑሎማ የሚባለው የሕዋሳት ክምችት ሊገኝ ይችላል። የቲቢው ግራኑሎማ መሐሉ የሞተና እንደ አይብ የፈረፈረ መሆኑ ይለየዋል፤ ይህ ግን ሁልጊዜ አይገኝም፤ በናሙናው ላይ የቲቢን ዘረመል የሚፈልገው የጂን ኤክስፐርት ምርመራም ብዙዎቹን የአንጀት ቲቢ ሕሙማን ያልፋቸዋል። ስሕተቱ በሁለቱም በኩል ዋጋ ያስከፍላል። ቲቢ ላለበት ሰው ክሮንስ ነው ተብሎ የሰውነት መከላከያን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ ቢሰጠው ቲቢው ይሰራጫል፤ ክሮንስ ላለበት ሰው የቲቢ መድኃኒት ተሰጥቶት ለወራት ቢቆይ በዚያ መሐል አንጀቱ ይጠብባል። መለየት ሲያቅት ሐኪሞች የቲቢ መድኃኒት ጀምረው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ትልቁን አንጀት በካሜራ በሚያሳየው በኮሎኖስኮፒ ደግመው ያያሉ፤ ቁስሉ ከደረቀ ቲቢ ነበር፣ ካልደረቀ ወደ ክሮንስ ያመዝናሉ። ይህን የሙከራ ጊዜ አቋርጦ ወደ ዕፅ የሄደ ሕመምተኛ ራሱን ብቻ ሳይሆን የሐኪሙንም መረጃ ያበላሻል፤ ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደረዳውና ምን እንዳልረዳው የሚያውቅ የለም።

ወደ ዕፁ እንምጣ። ጎንደር በሆድ ሕመም መድኃኒት ድሃ ሆና አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ1770 ከተማዋ የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ ኮሶ ጽፏል፤ የሰዉ ጥሬ ሥጋ መውደድና በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ መጠጣቱ ከእርሱ በኋላ የመጡ ተጓዦችንም ያስደነቀ ነገር ነው። ብሩስ በዚሁ አካባቢ ለደም ተቅማጥ የሚሰጠውን ዋጊኖስንም ገልጿል፤ ዛሬ በሳይንስ ብሩሲያ አንቲዲሴንተሪካ የሚባለው ቁጥቋጦ ስሙን ያገኘው ከእርሱና ከዚሁ አገልግሎቱ ነው። ዋጊኖስ ተራ ቅጠል አይደለም፤ ከእርሱ የወጣው ብሩሲያንቲን የተባለ ንጥረ ነገር በአሜሪካ ለካንሰር በሰው ላይ እስከ መሞከር ደርሶ ውጤት ባለማሳየቱ ተትቷል። በዚህ ላይ እንቆቆና መተሬ ለኮሶ ትል፣ ጤና አዳምና ፌጦ ለቁርጠት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ለብዙ ነገር ይሰጣሉ። የጎንደር ዘመናዊ ሕክምናም ቢሆን መነሻው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት ያሠለጥናቸው የነበሩት የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ዋና ሥራቸው ወባን፣ ተቅማጥንና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎችን መዋጋት ነበር፤ ከመተማና ከሁመራ በኩል የሚመጣው ካላዛር ዛሬም ሆስፒታሉን ሥራ አያስፈታውም።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕፅ ቀማሚውም ሐኪሙም ለዘመናት የሠለጠኑት ከውጭ የገባ ወራሪን ለመግደል ወይም ጠርጎ ለማስወጣት ነው፤ ትል፣ አሜባ፣ ባክቴሪያ። ለዚያ ዓላማ ኮሶ መሥራቱን የሚክድ የለም። በክሮንስ ግን የሚገደል ወራሪ የለም። የሚዘምተው የራስ ሰውነት ነው፤ መራራ ጠጥቶ ሆድን ማጠብ ዘመቻውን አያስቆመውም፣ የቆሰለውን ግድግዳ ግን ይጎዳል። ኮሶ በጤነኛ ሰው ላይ እንኳ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ብርቱ ቁርጠትና መዝለፍለፍ ያመጣል፤ በብዛት ተጠጥቶ የዓይን ብርሃን ያጠፋበት ጊዜም ተመዝግቧል። ቀድሞውኑ በተቅማጥ ውሃውና ማዕድኑ ያለቀበትን፣ አንጀቱ የጠበበበትን ሰው ኮሶ ማጠጣት አደጋ ነው። ስለዚህ ‹‹ከተፈጥሮ ነው ወይስ ከፋብሪካ?›› የሚለው ጥያቄ ብዙ አያራምድም፤ መጠየቅ ያለበት የሚወሰደው ነገር በተቆጣ የአንጀት ግድግዳ ላይ ምን እንደሚሠራ ነው።

‹‹እኔ ግን በዕፅ ድኛለሁ›› የሚል ሰው ሲገኝ ምን ይባላል? ሰውየው አልዋሸም። ክሮንስ ያለ ምንም መድኃኒት ጋብ የሚልበት ጊዜ ያለው በሽታ ነው፤ በመድኃኒት ሙከራዎች ውስጥ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው ሕሙማን ከአምስቱ አንድ የሚጠጉት ምልክታቸው ይጠፋል። ሰው ደግሞ ወደ ባህል መድኃኒት የሚሄደው ሕመሙ በጸናበት ሰሞን ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማገገም ሁሉ በመጨረሻ በተወሰደው ነገር ስም ይመዘገባል። ሌላም የማይነገር ምክንያት አለ፦ በተለያዩ አገሮች ዕፅ ብቻ ናቸው ተብለው በተሸጡ ዱቄቶችና እንክብሎች ውስጥ ዴክሳሜታሶንን የመሰሉ ስቴሮይዶች ተቀላቅለው ተገኝተዋል። በሦስት ቀን ሁሉን ሕመም የሚያስታግስ፣ የምግብ ፍላጎት የሚከፍትና ፊትን የሚያሞላ ‹‹የተፈጥሮ›› መድኃኒት ሲገጥም ይህን መጠርጠር አይከፋም።

በጥናት የተፈተኑ ተፈጥሯዊ ነገሮችም አሉ፤ ውጤታቸው ግን የተለያየ ነው። እርድ ከተለመደው መድኃኒት ጋር ተጨምሮ በአልሰራቲቭ ኮላይተስ ላይ ጥቅም አሳይቷል፤ ክሮንስ ኖሮባቸው ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሕሙማን ላይ በፈረንሳይ ሲሞከር ግን በሽታው እንዳይመለስ አላደረገም። በአልጫ ላይ የሚጨመረው እርድ አይጎዳም፤ በክኒን መልክ በብዛት መውሰድ ጉበትን የጎዳበት አጋጣሚ ግን አለ። ከአሪቲ ጋር አንድ ወገን የሆነው የአውሮፓው መራራ ቅጠል በጀርመን በተደረጉ ትንንሽ ሙከራዎች የስቴሮይድ ፍላጎትን የቀነሰ መስሏል፤ ሙከራዎቹ በጣም ትንሽ ከመሆናቸው በላይ ቅጠሉ በብዛት ሲወሰድ ነርቭን የሚመርዝ ቱጆን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት በቤት ውስጥ አፍልቶ ለመጠጣት ማስረጃ አይሆንም። የዓሣ ዘይት በሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ከባዶ እንክብል አልተሻለም። ጠቃሚ ባክቴሪያ ያላቸው ምርቶችም ለክሮንስ አልረዱም። ሌላው ቀርቶ የአሳማ ትል እንቁላል እንኳ ተሞክሯል፤ ትል በሚበዛበት አገር ክሮንስ ስለሚያንስ ትሉ መከላከያውን ያበርደው ይሆናል በሚል ሐሳብ ሲሆን ትልቁ ሙከራ ውጤት በማጣት ቆሟል። ኮሶ ጠጥቶ ትል ሲያስወጣ ለኖረ ሕዝብ ይህ ሙከራ እንግዳ መምሰሉ አይቀርም።

ጠንካራ ማስረጃ ያለው ተፈጥሯዊ መንገድ ምግብ ነው። ክሮንስ ያለባቸው ልጆች ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሌላ ምግብ ሁሉ ትተው የተመጣጠነ ፈሳሽ ምግብ ብቻ ሲወስዱ እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በሽታቸው ጋብ ይላል፤ አንጀታቸውም ከስቴሮይድ በተሻለ ይድናል፣ እድገታቸውም አይገታም። በብዙ አገሮች ለልጆች የመጀመሪያው ሕክምና ይኸው ነው። ፈሳሹ በፋብሪካ ተመጥኖ የተዘጋጀ በመሆኑ አጥሚት ወይም ወተት አይተካውም፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በእስራኤልና በካናዳ የተደረገ ጥናት የፈሳሹን መጠን ቀንሶ የቀረውን በተመረጠ የቤት ምግብ መተካት ተመጣጣኝ ውጤት እንደሚሰጥ፣ ልጆችም ይህኛውን በተሻለ እንደሚችሉት አሳይቷል። የተመረጠው ምግብ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ሙዝና ፖም ሲሆን የተከለከለው ስንዴ፣ የወተት ውጤት፣ የታሸገና ማያያዣ ኬሚካል የገባበት ምግብ ነው። ከፖሙ በቀር የተፈቀደው ሁሉ በቅዳሜ ገበያ የሚገኝ መሆኑ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ጤፍ በጥናቱ ውስጥ ባይካተትም በስንዴ ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን እንደሌለው ይታወቃል። በአንጻሩ ለልጅ እንደ ክብር የሚገዛው ብስኩት፣ የታሸገ ጭማቂና ለስላሳ በሽታው ላለበት አንጀት የሚመች አይደለም።

አንጀቱ ለጠበበበት ሰው ምክሩ ሌላ ነው። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ልጣጩ ያልተገፈፈ ሽምብራና ባቄላ፣ ጥሬ ጎመንና የብርቱካን ገለፈት በጠበበው ቦታ ላይ ተቀርቅረው አንጀትን ሊዘጉ ይችላሉ፤ ለሆድ ድርቀት የሚመከረው ተልባም ውሃ ይዞ ስለሚያብጥ ያው ነው። ይህ ሰው የተከካ ምስር፣ በደንብ የበሰለና የተፈጨ አትክልት፣ ድንች፣ ለስላሳ ሽሮ ሊበላ ይችላል። ጥበት የሌለበት ሰው ግን ከአትክልትና ከፍራፍሬ መሸሽ የለበትም። በርበሬ በሽታውን አያመጣም፤ ቁርጠቱን የሚያብስበት ሰው መቀነሱ ይበቃዋል። ጥሬ ሥጋ መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት ለሚወስድ ሁሉ መተው ያለበት ነገር ነው።

ጾም ከዚህ ጋር ይጋጫል፤ መሸፋፈኑ አይጠቅምም። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ሲሆን ወደ ደም የሚገባው ደግሞ ክሮንስ በሚወደው በቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ነው። ከዓመቱ ግማሽ ገደማ የሚጾም፣ ያ የአንጀት ክፍሉም የቆሰለ ወይም ተቆርጦ የወጣ ሰው ከሁለት በኩል ይጎድልበታል፤ እግር መደንዘዝና የደም ማነስ ይከተላል፤ መፍትሔውም በየጊዜው የሚሰጥ መርፌ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ በንስሓ አባቱ በኩል ፈቃድ የምትሰጥ ስለሆነ ታማሚው ጉዳዩን ለካህኑ በግልጽ መንገሩ ይሻላል፤ ሽሮና በርበሬ ብቻ እየበላ በስውር የሚከሳ ሰው ለማንም አልጾመም። ጸበልንም በተመለከተ መንገዱ የተጠረገ ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል፤ ለክሮንስ ሕመምተኛ ይህ ምክር የማይሠራበት ምክንያት የለም። የሚያሰጋው ጸበሉ ራሱ አይደለም፤ በጸበል ሰሞን ፕሬድኒሶሎንን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ነው፤ ለሳምንታት የተወሰደ ስቴሮይድ ቀስ በቀስ ካልተቀነሰ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ለማመንጨት ጊዜ ስለማያገኝ ግፊት ወርዶ ሕይወት እስከ ማለፍ ሊደርስ ይችላል።

መድኃኒቶቹን በአጭሩ ለማንሣት፣ ስቴሮይድ ማገርሸትን ለማብረድ እንጂ ለዘለቄታ አይሆንም፤ ለማቆየት አዛታዮፕሪን ወይም ሜቶትሬክሴት ይሰጣል፤ ሁለቱም የደምና የጉበት ክትትል ይፈልጋሉ፤ ሜቶትሬክሴት ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ከአረቄ ጋርም አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ1998 ለክሮንስ የተፈቀደው ኢንፍሊክሲማብ ፊስቱላን ጭምር የሚያደርቅ ብርቱ መድኃኒት ቢሆንም የተደበቀ ቲቢን ስለሚቀሰቅስ አስቀድሞ መመርመር ግድ ይላል፤ ዋጋው ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህም ለጎንደር ታማሚ በአቅሙ ያሉት ነገሮች፣ ማለትም ምግብ፣ ሲጋራ ማቆም፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን የመሰሉ ማስታገሻዎችን መተው፣ አዛታዮፕሪንን ሳያቋርጡ መውሰድ፣ በሀብታም አገር ካለ ሕመምተኛ ይበልጥ ለእርሱ ክብደት አላቸው።

ዕፅ ልውሰድ የሚል ሰው የሚወስደውን ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙም ሳይቆጣ ይስማው፤ የሚቆጣ ሐኪም ዘንድ ዕፁ ይደበቃልና። መሻሉን ግን በስሜት ብቻ አይመዝነው፤ በክሮንስ ቁርጠቱ ጠፍቶ ብግነቱ ውስጥ ውስጡን የሚቀጥልበት ጊዜ ብዙ ነው። በሰገራ ውስጥ የሚለካው ካልፕሮቴክቲን የአንጀት ብግነትን በቀጥታ ያሳያል፤ እርሱ በማይገኝበት ቦታ ክብደት፣ ሄሞግሎቢን፣ አልቡሚንና ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራ ይተኩታል። ከመጀመሩ በፊት ተለክተው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ሲደገሙ ቁጥሮቹ ካልተሻሻሉ ዕፁ አልሠራም ማለት ነው። ሆዱ ተነፍቶ ሰገራም ጋዝም ያልወጣለት፣ የሚያስመልሰው፣ ወይም ብርቱ ትኩሳት ከሆድ ሕመም ጋር የያዘው ሰው ግን ስድስት ሳምንት ቀርቶ ስድስት ሰዓትም ሳይጠብቅ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ አለበት።